ስልሳ አንድ ኪሎ

ገንደ ቆሬ ውስጥ ሳምንቱ የሚጀምረው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞም እሁድም እዚህ ምንም ማለት አይደለም። ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን መኪናው ይመጣል። ሹፌር የለውም፣ ረዳት የለውም፣ ጡሩምባም አይነፋም። ከአዋሽ በኩል በረሃውን አቋርጦ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣና ፌርማታው ጋ ቀጥ ይላል። ዱቄት ያወርዳል፣ ዘይት ያወርዳል፣ መድኃኒት ያወርዳል። ከዚያ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው የመልስ ጭነት ነው።

መኪና ባዶውን አይመለስም። ይሄን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ገንደ ቆሬ ውስጥ የለም። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ካመጣልህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይዞ ነው የሚሄደው። ድሮ በአያቶች ዘመን፣ ከወደብ ሞልቶ የመጣ ከባድ መኪና ባዶውን እየተንጓጓ ይመለስ ነበር አሉ፤ ግማሹ ነዳጅ የሚቃጠለው አየር ለማመላለስ ነበር። ያ ቀርቷል። ጭስ የለም። መንገድ ላይ በመኪና የሚሞት ሰው የለም። አገሩን በሙሉ የሚያመላልሰው መረቡ ነው፣ መረቡ ደግሞ ባዶ ነገር አይወድም። ሦስቴ ያጎደለ ፌርማታ ይሰረዛል። ተሰረዘ ማለት መኪናው ከዚያ በኋላ አይቆምም፣ ሽው ብሎ ያልፋል ማለት ነው። ከገንደ ቆሬ አርባ ኪሎ ሜትር ወዲያ ሀሎ የምትባል ከተማ ነበረች። በቅርብ ያለፈ ሰው እንዳለው አሁን በሮቿ እንኳ አይንኳኩም፣ ነፋሱ ነቅሎ ጨርሷቸዋል።

ገንደ ቆሬ መጀመሪያ የምትልከው ሽንኩርትና ቲማቲም ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ሲቀንስ በለስ መላክ ጀመረች። ጫት አልሆነም፣ ቀላል ነው። በመጨረሻ የድሮውን የባቡር ሐዲድ እየነቀሉ መላክ ሆነ። ብረት ይባረክ፣ ከባድ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ ሐዲድ በሉ። ማለት፣ ሐዲድ ልከው ዱቄት በሉ። ባለፈው ጥቅምት ሐዲዱ አለቀ። ካለቀ ወዲህ ሚዛኑ ሁለቴ ጎድሏል።

ሁለቴ።

ሚዛን ጠባቂዋ ትርሲት ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሥራውን ከአባቷ ነው የተቀበለችው። ሚዛኑ መሬት ላይ የተነጠፈ የብረት ወለል ነው፣ አንድ የሠርግ ድንኳን ያክላል። የሚላከው ጭነት እዚያ ላይ ይደረደራል፣ የሚሄድ ሰው ካለም እዚያው ይቆማል። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ተመዘነ፣ ተመዘገበ፣ አለቀ። የትርሲት ሥራ መጮህ ነው። "ውረዱ! የማትሄዱ ከሚዛኑ ውረዱ!" ድምፅዋ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ ጉድጓዱ ጋ ድረስ ይሰማል።

ጋሽ አባተ የሄዱ ዕለት ግን አልጮኸችም።

ጋሽ አባተ ልብስ ሰፊ ናቸው። ገንደ ቆሬ ውስጥ እሳቸው ያልሰፉለት ሙሽራ የለም። ዓይናቸው ሲደክም አዳማ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ተነሱ። መውጣቱ ችግር የለውም፣ መረቡ የሚወጣ ሰው ይወዳል። ችግሩ መግባቱ ነው። መንገደኛ የሚገባው በመንገደኛ ነው፤ አንድ ሰው እንዲገባ በኪሎ እሱን የሚያክል ሰው መውጣት አለበት፣ በለስም ብረትም አይተካውም። ስለዚህ ጋሽ አባተ ሄዱ ማለት ሄዱ ነው፣ ሁለተኛ አይታዩም።

እና እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚሸኘው? በር ላይ ተቁሞ "ደህና ይግቡ" ተብሎ? ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፌርማታው ድረስ ተከትለዋቸው መጡ። ፌርማታው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ማን ይቆማል፣ ሽማግሌው ወለሉ ላይ ሲወጡ እነሱም ተከትለው ወጡ። አንዷ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ አንዱ ሻንጣቸውን አልለቅም ብሏል፣ ሌላው ግራ ቀኝ እየሳመ ሦስት ይደርስና እንደገና ይጀምራል። የትርሲት ባል በድሩም መሃላቸው ነበር።

"ጋሽ አባተ፣ ያቺን ሱሪ እኮ እንዳጠበቧት ነው የሚሄዱት!" ይላል በድሩ፣ እንባውን እየጠረገ።

"ሱሪው አይደለም የጠበበው፣ አንተ ነህ የወፈርከው።"

"ስልሳ አንድ ኪሎ ሰው ወፍራም ተባለ፣ ስሙልኝ!"

ትርሲት ሰዓቱን አየች። አምስት ጉዳይ። አፏን ከፈተች። የሚሰናበትን ሰው ውረድ ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም በሉ እንደማለት ነው። ትንሽ ይሳሳሙ፣ አለች በሆዷ። ሦስት ጉዳይ። አሁን እጮሃለሁ። አንዲት አሮጊት ገና አሁን ደርሰው ጋሽ አባተን ለመሳም በሰው መሃል እየተጋፉ ነው፤ እሳቸውንስ እንዴት? አንድ ጉዳይ። "ውረዱ" አለች፣ ግን በሹክሹክታ።

አራት ሰዓት ሆነ።

"አርባ ሁለት መንገደኛ" አለ ጠባቂ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የመረቡ ሳጥን፣ በዚያ የዜና አንባቢ በመሰለ ድምፁ። "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ አራት ኪሎ። ገንደ ቆሬን እናመሰግናለን።"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙሜ ሆዳቸውን ይዘው "አቦ፣ ከሐዲዱ በለጥን በሉኛ!" አሉ። መኪናው ላይ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ጋሽ አባተ ተሳፈሩ፣ መኪናው ሄደ፣ ሸኚው እየሳቀ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ተበተነ። ትርሲትም ሳቀች። ብቻ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ረቡዕ ጠዋት ጠባቂ ቤቱን ስትከፍት ሳጥኑ ቀድሟት ተናገረ።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ትርሲት። ትናንት አርባ አንድ መንገደኛ ሳይነሳ ቀርቷል። ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚቀጥለው ማክሰኞ አራት መኪና ይመጣል።"

ትርሲት ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። "የቀረ ሰው የለም። እነሱ ሸኚዎች ናቸው።"

"ሸኚ የሚባል የጭነት ዓይነት የለም።"

"ሰው ሊሸኙ ነው የወጡት እኮ! ሊሄዱ አይደለም!"

"አራት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ነበሩ።"

"እሺ በቃ ሰርዛቸው። እኔ ነኝ ሚዛን ጠባቂዋ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርዛቸው።"

"የተመዘነ አይሰረዝም። መዳረሻቸው ተመድቧል። ዱቄታቸው፣ ዘይታቸውና መድኃኒታቸው ወደየመዳረሻቸው ዞሯል።"

መድኃኒታቸው። ትርሲት ወደ ሳጥኑ ቀረበች። "የበድሩ ኢንሱሊን የት ነው?"

"አቶ በድሩ ዩሱፍ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። ኢንሱሊናቸው ሎጊያ ይጠብቃቸዋል።"

ሎጊያ። በድሩ ሎጊያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ከተማዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ቤት ስትገባ በድሩ የጉድጓዱን ፓምፕ ፈታትቶ መሬት ላይ በትኖታል። ነገረችው። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ተነስቶ ትንሿን ማቀዝቀዣ ከፈተ። አንድ ብልቃጥ ናት ያለችው።

"አስር ቀን" አለ።

"አስር ቀን አይሞላም። ዘጠኝ።"

"እና ሎጊያ እሄዳለሁ። ምን ይደረግ፣ እዚያም ሰው ይኖራል።"

"ማን ያነቃሃል?"

የበድሩ ነገር እንዲህ ነው፦ ስኳሩ ሲወርድ ለራሱ አይታወቀውም። ሌላ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይርበዋል። እሱ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ቀልድ እያወራ ቃላቱ መንሸራተት ይጀምራሉ። የምታውቀው ትርሲት ናት። ከቃላቱ አወጣጥ ታውቀዋለች፣ ተኝቶም ከሆነ ከአተነፋፈሱ። ስኳር በጥብጣ አፉ ውስጥ ትጨምራለች። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። እዚህ ከቀረ መድኃኒት የለም። ከሄደ እሷ የለችም። እሷም አብራው እንዳትሄድ፣ ሚዛን ጠባቂ የሌለው ፌርማታ ያኔውኑ ነው የሚሰረዘው፣ ተተኪ ደግሞ በሁለት ዓመትም አይመደብም።

"አንቺ ልጅ" አለ በድሩ፣ "እንደዚህ አትይኝ። ገና አልሞትኩም።"

ከሰዓት በኋላ እድሩ ተሰበሰበ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ አዳራሽ። ከተማው በጠቅላላ መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ነው፣ ሁሉም መጣ። መጀመሪያ ጩኸት ነበር።

"አንሳፈርም! መኪናው እጅ የለው፣ ማን ጎትቶ ያስገባናል?" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"ዱቄቱንስ? የአርባ አንድ ሰው ዱቄት ቀርቷል!"

"ተካፍለን እንበላለን። ሰው ተካፍሎ ሞቶ ያውቃል እንዴ?"

"ወላሂ እኔ አልሄድም" አሉ ጋሽ ሙሜ ከመድረኩ። "ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሞጆ መደቡኝ አሉ። ሞጆ ሄጄ ምን ልሁን፣ ኮንቴነር?"

ሰው ሳቀ። ትርሲት ብድግ ስትል ሳቁ ቆመ። ማክሰኞ ዕለት ያልጮኸችው እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን አላነሳባትም፣ ያ ደግሞ ባሰባት።

"አርባ አንዱ ካልተሳፈረ ሚዛኑ ጎደለ ማለት ነው" አለች። "ይሄ ሦስተኛው ነው።"

አንዲት እናት የልጇን ራስ ወደ ጉያዋ ሳበች። ሀሎ የሚለውን ስም ማንም አልጠራም።

ጠጠሩን ያሰቡት ጋሽ ሙሜ ናቸው። ሐዲዱ ሲነቀል ከስሩ የነበረው ጠጠር እንዳለ ነው፣ ኪሎ ሜትር ከኪሎ ሜትር። የአርባ አንዱን ሰው ክብደት ያህል፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ኪሎ ጠጠር ወለሉ ላይ ቢቀመጥ፣ መረቡ ኪሎውን አግኝቶ ሰዉን ይተወው ይሆናል። ትርሲት መንገደኛ በመንገደኛ መሆኑን ታውቃለች። ሽማግሌው ራሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሰው እጁን አጣጥፎ ማክሰኞን መጠበቅ አይችልም። ስድስት ቀን ጫሩ። በአካፋ፣ በዶማ፣ በድስት ክዳን፣ በእጃቸው። ሴቶቹ በጆንያ ተሸከሙ። የበድሩ መዳፍ ተላጠ፣ ቁስል ለእሱ ጥሩ አይደለም፣ ትርሲት በጨርቅ እያሰረችለት እንደገና ይሄዳል። በስድስቱ ቀን ውስጥ ሁለቴ ቃላቱ ተንሸራተቱበት፣ ሁለቴ ደረሰችለት። ሁለተኛው ላይ ጆንያ ተሸክሞ ጠጠሩን "ሚስቴ" ብሎ ሲጠራው ነው የሰማችው። ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ሮጠች።

ማክሰኞ ጠጠሩ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዋሽ በኩል አራት መኪና ተሰልፎ መጣ። ያን ያህል መኪና ገንደ ቆሬ አይታ አታውቅም። ድምፅ የላቸውም፣ ልጆቹ እንኳ አልሮጡላቸውም። በየበሩ ላይ ስም በራ፦ ሎጊያ። ሞጆ። መተሐራ። ወንጂ።

አራት ሰዓት።

"ጠጠር፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስር ኪሎ፣ ተቀብለናል። እናመሰግናለን" አለ ሳጥኑ። "አርባ አንድ መንገደኞች ይሳፈሩ። መኪኖቹ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃሉ።"

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ጋሽ ሙሜ ናቸው። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ሞጆ ወደሚለው በር ሄዱ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። አንድ አባት መተሐራ ተመድቦ ልጁ ወንጂ ነበር የደረሳት። በሮቹ መሃል ቆሞ አንዴ ይሄንን አንዴ ያንን ያያል፣ ልጅቷ "አባ፣ ሂድ፣ እኔ እደውላለሁ" ትለዋለች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው።

የማይሄዱት ሰዎች ሩቅ ነበሩ። ጣቢያው ግድግዳ ሥር ተለጥፈው ቆመዋል። አንድም እግር ወደ ወለሉ የቀረበ የለም። እጁን ያውለበለበም የለም። እህት እህቷን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ከስልሳ እርምጃ ላይ ሆኖ በዓይኑ ብቻ ያያል፣ ቢቀርብ የሚቆጠር መስሎታል። ትርሲትም ጠባቂ ቤቱ በር ላይ ናት፣ በድሩ ወለሉ ላይ ነው። በመሃላቸው አስራ አምስት እርምጃ አለ።

"የፓምፑ ጎማ እሁድ ይቀየር!" አለ በድሩ ከዚያ ማዶ። "መለዋወጫው አልጋ ሥር ነው።"

"ከመተኛትህ በፊት ብላ። በልተህ ተኛ። ለአጠገብህ ሰው ንገረው፣ አፌ ሲኮላተፍ ስኳር ስጡኝ በል። የማታውቀውም ቢሆን ንገረው።"

"እነግራለሁ።"

"አታፍርም?"

"አፍራለሁ። ግን እነግራለሁ።" ፈገግ አለ። "ያቺ ሱሪ ትቅርልሽ፣ ሎጊያ ትሞቃለች አሉ።"

ሳቋ መጣ፣ ግን አፏ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። በድሩ ሊመጣ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ ተወው። ገባ። በሩ ተዘጋ። አራቱ መኪና አንድ በአንድ ተነስተው፣ አንዱ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን፣ ሦስቱ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ ያዙ። አቧራ እንኳ አላስነሱም።

የቀሩት ሰዎች ሳይነጋገሩ ወደየቤታቸው ሄዱ። ትርሲት ጠባቂ ቤቱ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንደተቀመጠች ነበረች። ሳጥኑ ተናገረ።

"ወይዘሮ ትርሲት። አቶ በድሩ ዩሱፍ ከመኪናው ውስጥ ሆነው የመመለስ ጥያቄ አቅርበዋል። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አግኝቷል።"

ብድግ አለች። "መቼ? መቼ ይመጣል?"

"የሚቀጥለው ማክሰኞ መምጣት ይችላሉ። መድኃኒታቸውም አብሮ ይመለሳል። በምትካቸው ስልሳ አንድ ኪሎ መንገደኛ ያስፈልጋል።"

"ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። አሁን ያየነውን አይተን ማን ይሄዳል?"

"ፈቃድ አያስፈልግም" አለ ሳጥኑ፣ ያንኑ ትሁት ድምፁን ይዞ። "አራት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ የተገኘ ማንኛውም ሰው ይበቃል። ቦታ እንያዝልዎ?"

ሳጥኑ አልደገመም፣ ጠበቀ። መረቡ መጠበቅ ላይ ጎበዝ ነው። ሰባት ሌሊት ይሆናል ያለ እሷ የሚያድረው፣ ስትቆጥረው። ዛሬ ማታ መኪና ውስጥ ነው። ነገ ማታ ሎጊያ። በልቶ ተኝቶ ይሆን? ለማን ይነግራል፣ አፍሮ ዝም ይላል እንጂ፣ ባሏን አታውቀውም እንዴ። ቀልድ እያወራ ቃላቱ ይንሸራተታሉ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ይስቃል።

"ይያዝ" አለች።

"ተይዟል። እናመሰግናለን።"

ከውጭ የጫማ ድምፅ ሰማች። ጎረቤቷ ሸምሲያ ናት። እግሯን አሟት ጋሽ አባተን ሳትሸኝ የቀረች፣ ከዚያ የተነሳ ከዝርዝሩ የተረፈች ሴት። በእጇ ሳህን ይዛለች፣ በጨርቅ የተሸፈነ። ከተማው በሙሉ ያን ወለል ዞሮ ሲሄድ እሷ ምን ቸገራት፣ በአቋራጩ በወለሉ ላይ እያነከሰች ቀጥ ብላ መጣች። መኪኖቹ የሉ፣ ሰዓቱ አልፏል።

"የኔ እናት፣ ምሳ እንዳልበላሽ አውቃለሁ!" ትላለች ከሩቁ። "ተነሺ፣ ብቻሽን አትቀመጪ። እኔ የለሁልሽም እንዴ? በየቀኑ እመጣለሁ፣ ማክሰኞም አብሬሽ እዚሁ እቆማለሁ፣ ብቻሽን ከዚያ መኪና ጋ አትፋጠጪም።"

ትርሲት በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ሳህኑን ተወችው፣ ፊቷን ተወችው። ትከሻዋን አየች፣ ወገቧን አየች፣ እግሯ ብረቱ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚረግጥ አየች። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ ትሆናለች። ሻሿና ቀሚሷ ሲጨመር ስልሳ። ሳህን ከያዘች ስልሳ አንድ።

ሸምሲያ ወለሉ መሃል ላይ ቆመች። ፈገግታዋ ትንሽ ቆይቶ ነው የጠፋው።

"ምነው ትርሲት" አለች፣ "ምን እንደዚያ ታይኛለሽ?"

"ምንም" አለች ትርሲት። "ነይ። ነይ ግቢ።"

ሸምሲያ አልገባችም። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ብረቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ፊቷን ከትርሲት ሳታዞር፣ በታመመ እግሯ ወደኋላ መሬቱን እየፈለገች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አሳርፋ፣ ከወለሉ ወረደች።